የጣና ሠዓልያን፤ ግድግዳውና እጁ

የዚህ ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጣና ሐይቅ አድባራትና ገዳማት ሥዕል ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ለጥቂት ቀናት አመንትቼ ነበር። ሠዓሊ አይደለሁም፤ የታሪክ ትምህርትም አልተማርሁም። የተማርሁት ሕንጻ ነው፤ ሥራዬም መሠረት፣ ግድግዳና ጣራ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ለሙያ ባልደረቦቼ የምነግረው ነገር ያገኘሁት አንድ ከባድ ስሕተት በመሥራቴ ስለ ሆነ፣ ጽሑፌን ከዚያው ብጀምረው የተሻለ መስሎ ታይቶኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ዲግሪዬን ይዤ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቅ የሐይቁ ዳርቻ የሚገኝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ምክር እንድሰጥ ጠራኝ። ሕንጻው እንደ አካባቢው ልማድ ክብ ነው። የሣር ክዳኑ አርጅቶ በብዙ ቦታ ያፈስሳል፤ የግድግዳው ጭቃ ከሥሩ እየተፈረፈረ ይወርዳል፤ ወለሉም አቧራ ነው። ለእድሳቱ የሚሆን ገንዘብ ከምእመናን ተሰብስቧል። እኔም እንደ ተማርሁት አሰብሁና፣ ሣሩ ይነሣና ቆርቆሮ ይምጣ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ይደፈን፤ የመቅደሱም ግድግዳ ከታች እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ በሲሚንቶ ይለሰን፤ ብዬ አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ሪፖርት ጽፌ ፈረምሁበት። ዋጋ ባለመጠየቄ ተመርቄ ተመለስሁ። ቅርስን ስለ መጠበቅ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ላለው ሥራ አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የሚደነግግ መሆኑን ያን ጊዜ አላነበብሁም ነበር። የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ዳግመኛ ተጠራሁ። ወደ ቅድስት ገብቼ ቀና ስል ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሰሜኑ ግድግዳ የታችኛው ረድፍ፣ የፈርዖን ሠራዊት በባሕር ሲሰጥም የሚታይበት ሥዕል፣ ከግድግዳው ተላቆ እንደ ተነፋ አቁማዳ ተወጥሯል። ቀለሙ በየቦታው ተቀርፎ ከሥሩ ነጭ የጨው ዱቄት ወጥቷል። ከፍ ብሎ ባለው ረድፍ ላይም በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አንገት የሚወርድ የውሃ መንገድ ይታያል። ባሕሩን ውሃ በልቶታል።

በአጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። በአካባቢው በመምህርነትም በሠዓሊነትም የሚታወቁ፣ የዚያን ግድግዳ አንዱን ክፍል በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ሆነው ያደሱ ሰው ናቸው።

«የኔታ፣ ይህ ነገር መቼ ጀመረ?» አልኋቸው።

«ግድግዳውን ባፈናችሁት በዓመቱ፤» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ወለሉ አፈር በነበረ ጊዜ ርጥበቱ በወለሉ ይወጣ ነበር። ወለሉን ደፈናችሁት፤ የግድግዳውን እግር ደፈናችሁት፤ እንግዲህ ወዴት ይውጣ፣ ልጄ? ወደ ሥዕሉ ወጣ።»

ይህን በዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። የውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ላይ መሳብ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይወርድባታል፤ አብዛኛውም በአራት ወር ውስጥ ነው። የሐይቁ ዳር አፈር በክረምት ምን ያህል ውሃ እንደሚይዝ ከእኔ የተሻለ ማወቅ የሚገባው አልነበረም። ቆርቆሮውም የራሱን አድርጓል። ከሣር ክዳን በታች ሌሊት ጤዛ አይጠራቀምም፤ ከቀዝቃዛ ብረት በታች ግን ከሐይቁ የሚነሣው ርጥበት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ያራሰው ዝናብ ሳይሆን ይህ ጤዛ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሥዕሉ እንዴት እንደሚሠራ ከየኔታ ተማርሁ። ለሕንጻ ባለሙያ የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ጥቂት ላብራራ።

ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። መቅደሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከል ይቆማል፤ ሥዕሉም በመቅደሱ የውጭ ገጽ ላይ፣ በቅድስት ለቆመ ሰው ፊት ለፊት እንዲታይ ሆኖ ይለጠፋል። የጣራው ክብደት በከፊል በዚሁ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ግድግዳው ሥዕል ማሳያ ብቻ ሳይሆን ተሸካሚ ነው። ግድግዳው የሚመረገው ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ በቦካ ጭቃ ነው። በጭቃው ላይ በቀጥታ አይሣልም፤ የጥጥ ጨርቅ ወይም አቡጀዲ ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ሙጫ ይለጠፍበታል። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ በሠዓሊው ቤት በጨርቁ ላይ ተሥሎ ያልቅና ኋላ መጥቶ ይለጠፋል። ጨርቁ ከሙጫ ጋር በተለወሰ ነጭ ጀሶ ይቀባል፤ ሲደርቅ በጥቁር መስመር ይነደፋል፤ ቀለም ይሞላል፤ በመጨረሻም መስመሩ እንደገና በጥቁር ይጸናል። ጥቁሩ ከጥላሸትና ከከሰል፣ ቀዩና ብጫው ከአፈር የሚገኝ ነው፤ ሰማያዊውና ደማቁ ቀይ ግን ከጥንት ጀምሮ በነጋዴ እጅ ከውጭ ይገባ ነበር። ጭዱ፣ ጭቃው፣ ሙጫውና ጨርቁ አብረው ርጥበት ይቀበላሉ፤ አብረው ይለቃሉ። ሲሚንቶ በመካከላቸው ሲገባ ይህ ስምምነት ይፈርሳል።

ይህ ዕውቀት በሐይቁ ዙሪያ የቆየበት ዘመን ረጅም ነው። ከጣና ሠዓልያን መካከል ስሙን በሥራው ላይ ጽፎ በመተው ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ፍሬ ጽዮን ነው። መነኩሴ ነበር፤ የሠራውም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ያለው፣ እመቤታችንን ከሕፃኑ ጋር የሚያሳየው ትልቅ የጣውላ ሥዕል የእርሱንና የንጉሡን ስም የያዘ ጽሑፍ አለበት። ንጉሡ የእመቤታችን በዓላት እንዲበዙና ተአምሯ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያደረጉ ስለ ነበሩ፣ ሥዕለ ማርያም በብዛት የተፈለገው በእርሳቸው ጊዜ ነው። ከፍሬ ጽዮን እጅና እርሱን ከተከተሉት ሠዓልያን በወጡት ሥዕሎች የፊቱ ገጽ ለስላሳ ነው፤ ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ የእናቱን አገጭ ይዳስሳል። ከዚያ በፊት በአገራችን ሥዕል እንዲህ ያለ የእናትና የልጅ ፍቅር ጎልቶ አይታይም ነበር።

በዳጋ ያለው የዛሬው ሕንጻ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን ሥዕሉ የ15ኛው ነው። ጣውላ ተሸክመው ሊያሸሹት ይችላሉ፤ ግድግዳን ግን ማንም አይሸከምም። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር በዚያው ደሴት ተጠብቆ ይገኛል። አሠሪውና ሥራው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ በአንድ ደሴት ላይ መገናኘታቸው ለእኔ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

የጣና ሠዓሊ ከአባቱ የወረሰውን ብቻ እየደገመ የኖረ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢየሱሳውያን በሐይቁ ሰሜናዊ ዳር በጎርጎራ ሰፍረው ሳለ፣ በሮም በታላቁ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚከበረውን የሥዕለ ማርያም ቅጂ ይዘው ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ሥዕሏ ግን አልወጣችም። ሠዓልያኑ የእጆቿን አጣጣልና በእጇ የያዘችውን መሐረብ እንዳለ ተቀበሉ፤ ዓይኖቿን አገርኛ አደረጉ፤ በግራና በቀኝ ሰይፍ የመዘዙ ሚካኤልንና ገብርኤልን አቆሙላት። ዛሬ በጣና ዙሪያ ያለ ምእመን ያችን ሥዕል ሲሳለም ከሮም መጣች ብሎ አያስብም፤ የማንም እንግዳ አይደለችምና። በ1590 እና በ1591 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌልም በምስሎቹ በኩል ተመሳሳይ ዕድል ገጥሞታል። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን የሕማማቱን ታሪክ ሲሥሉ ከእርሱ ብዙ ወስደዋል።

በመጀመሪያው የጎንደር ስልት ቀለሙ ደማቅና ያልተደባለቀ ነው፤ ብጫው ብጫ፣ ቀዩ ቀይ ነው። ከ1730 አካባቢ ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ስልት ግን ከጀርባ ያለውን መደብ ከቀይ ወደ ብጫ፣ ከብጫ ወደ አረንጓዴ እያሸጋገረ ያጠላል፤ በልብሱ ላይ የሐሩን አበባ እየቈጠረ ይሥላል። የዚህ ስልት አሳዳጊ እቴጌ ምንትዋብ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በደቅ ደሴት ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ያየ ሰው፣ እቴጌይቱ እጅግ ባማረ ልብስ ሆነው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው በግድግዳው ላይ ያገኛቸዋል። ምንትዋብ የተኙበት ቦታ የሠዓሊውን አስተዋይነት ያሳያል፤ ንግሥቲቱ ትልቅ ናቸው፤ ግን ከታች ናቸው።

ወደ ዘጌ ስንሻገር ሥራው ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝቡ ይቀርባል። ዘጌ በአቡነ በትረ ማርያም ውግዘት ምክንያት በበሬ የማይታረስ፣ በቡና ጫካ የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የ18ኛው፣ የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እጆች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ ካህናቱም ከሠዓልያኑ መካከል የአለቃ እንግዳን ስም ያነሣሉ። በላዔ ሰብእ ጥርኝ ውሃ ለተጠማ ሰው ሲሰጥ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል፣ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ይሁዳን ከአሥራ ሁለቱ መካከል ለይቶ የሚያውቀው በዚህ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሣሉ ሥዕሎች የፈርዖን ወታደሮች ጠመንጃ ታጥቀው ሲሰጥሙ ይታያሉ። ይህን አይቶ የሚሥቅ ተማሪ ገጥሞኛል፤ እኔም በተማሪነቴ ሥቄ ነበር። ሠዓሊው ግን በሙሴ ዘመን ጠመንጃ አለመኖሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም። ሠራዊት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለሚያዩት ሰዎች መንገሩ ነበር።

ስለ ቅርስ አጠባበቅ ስናስብ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ዕቃው ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚከነክነኝ በ1932 በጎንደር የሆነው ነው። በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳይ ተልእኮ፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገረው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሥዕሎች፣ ወደ 60 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ከግድግዳው ላይ ልጦ ወሰደ። በምትካቸውም ከተልእኮው ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አስመስሎ የሣላቸው አዲስ ሸራዎች ተለጠፉ። ከመጥፋት አዳንናቸው የሚል ምክንያት ተሰጥቷል። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ የተሣሉ ባይሆኑ ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ ባልተወሰዱ ነበር፤ ለማደስ የሚያመቸው አሠራር ለመንቀልም አመቸ።

ፓሪስ ያለው ጨርቅ ከርጥበት፣ ከምስጥና ከሌሊት ወፍ ድኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ያን ግድግዳ አይተው እጃቸውን ያፍታቱ የነበሩት የጎንደር ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ያዩት የባዕድ እጅ ነው። በሌላ በኩል፣ ያረጀውን ሁሉ ሸፍነው በአዲስ የሚሥሉ፣ በፋብሪካ ቀለም የ18ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ፊት የሚደፍኑ አሉ። እንደ እስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገራችንን ሥዕሎች እየመዘገቡና እያስተያዩ ባያጠኑ ኖሮ ብዙው ስልት ዘመኑ ሳይታወቅ በቀረ ነበር። ስለዚህ «አሮጌው ይጠበቅ» የሚለውንም «አዲሱ ይሣል» የሚለውንም ከልብ አዳምጣለሁ። ቅር የሚያሰኘኝ፣ ሁለቱም ወገኖች ሲከራከሩ ሠዓሊው በስብሰባው ላይ አለመኖሩ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አውስትራልያ፣ ፓፑንያ በምትባል የበረሃ መንደር፣ የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ የአባቶቻቸውን ታሪክ በአሸዋና በገላቸው ላይ ይሥሉ ነበር፤ ነፋስና ላብ ያጠፋዋል፤ በሚቀጥለው ሥርዓት እንደገና ይሣላል። በ1971 ሽማግሌዎቹ የማር ጉንዳንን ታሪክ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሣሉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶበት ሥዕሉ ጠፋ። ነገር ግን ሰዎቹ በዚያው ጊዜ በጣውላና በሸራ ላይ መሣል ጀምረው ስለ ነበር ሥራቸው ዓለምን ዞረ። ግድግዳው ሲጠፋ እጆቹ ነበሩ። ይህን ታሪክ ለየኔታ በአጭሩ ብነግራቸው፣ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጆቻቸውስ ይሥላሉ?» አዎን፣ ዛሬም ይሥላሉ፤ አልኋቸው።

ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ፈቃዱ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በኩል ከተገኘ በኋላ የወለሉንና የግድግዳውን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ እየሰበርን አነሣን፤ መዶሻው ሥዕሉን እንዳያናውጥ አንድ ሜትር ለመጨረስ አንድ ቀን የፈጀበት ቦታ ነበር። ጭቃው በየኔታ ትእዛዝ ለሳምንታት ቦክቶ ተመረገ። ቆርቆሮው ቀረ፤ ሣር የሚከድን ባለሙያም ሆነ በቂ ሣር አልተገኘም። ከሥሩ ግን ጤዛውን የሚቀበል የሸንበቆ ኮርኒስ አደረግንለት። ውጭ በጣራው ጠፈፍ ዙሪያ ውሃውን ወደ ሐይቁ የሚመራ ቦይ ቆፈርን። እነዚህ ለመሐንዲስ ቀላል ሥራዎች ናቸው።

የተላቀቁት ጨርቆች አብዛኞቹ በጥንቃቄ ተመልሰው ተለጠፉ። የፈርዖን ባሕር ግን ሊድን አልቻለም። የተረፈው ቁራጭ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት ገባ፤ አዲሱን እንዲሥሉም የኔታ ታዘዙ። እንደ ቀድሞው አድርገው ይሥሉታል ብዬ አስቤ ነበር፤ ፎቶግራፍም አዘጋጅቼላቸው ነበር። ፎቶግራፉን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ መጽሐፍ ውስጥ አስገቡት። ከሦስት ወር በኋላ ጨርቁ ሲመጣ ሠራዊቱ፣ ሠረገላው፣ ጠመንጃው ሁሉ በየቦታው ነው፤ የዓሦቹ መልክ ግን ተለውጧል። በአሮጌው ሥዕል ዓሦቹ እንደ ቅጠል ያሉ፣ ስማቸው የማይታወቅ ነበሩ። በአዲሱ ግን የጣና ቀረሶ ከነክንፉ፣ አምባዛም ከነጢሙ በፈርዖን ፈረስ እግር መካከል ይዋኛሉ።

«የኔታ፣ አምባዛ በቀይ ባሕር የለም እኮ፤» አልኋቸው።

«ኧረ ተወኝ! አምባዛ ከሌለ የዚህ አገር ልጅ ባሕር መሆኑን በምን ያውቃል?»

ጨርቁ በተለጠፈ ዕለት ከታንኳ የወረዱ ሁለት ልጆች ገብተው ሲያዩ አጠገባቸው ነበርሁ። ጠመንጃውንም፣ ፈርዖንንም አላዩም፤ በቀጥታ ወደ አምባዛው ሄዱና ስንት ኪሎ እንደሚሆን መከራከር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ነው አንደኛው «ሰውዬው ለምን ሰጠመ?» ብሎ የጠየቀው። የኔታም ቁጭ ብለው ከመጀመሪያው ነገሩት።

በባሕር ዳር ከተማ ዛሬ ለእንግዳ የሚሸጥ ትንሽ የብራና ሥዕል የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። አንዳንድ ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ አልንቃቸውም፤ ከእነርሱ መካከል መስመራቸው የሚያስደንቅ አግኝቻለሁ። የጎደላቸው ግድግዳ ነው። በአንድ ክንድ ብራና ላይ የተማረ እጅ የአራት ሜትር ፈረሰኛ ሲሠጡት ይደነግጣል፤ ጭቃ ማቡካትን፣ ሙጫ መቀቀልን፣ ጨርቅ ሳይሸበሸብ መለጠፍን የሚማረው በቤተ ክርስቲያን ሥራ ላይ ብቻ ነው። ያ ሥራ ደግሞ ዛሬ በአብዛኛው የሚጀምረው ከእኛ ጠረጴዛ ነው። ጣራና ግድግዳ ስንገምት የሥራ መጠንና የዋጋ ዝርዝር እናዘጋጃለን፤ ቁፋሮ፣ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ምስማር ሁሉ ይቈጠራል። እኔ በመጀመሪያው ሪፖርቴ ሠዓሊ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፍሁም ነበር።

ባለፈው ዓመት ሌላ የሐይቅ ዳር ቤተ ክርስቲያን ግምት እንድሠራ ጠየቀኝ። በዝርዝሩ ውስጥ «የሥዕል ሥራ» የሚል ተራ አስገባሁ። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ሹም ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ «መለኪያው ባዶ ነው፤ በካሬ ሜትር ነው ወይስ በቁጥር?» አለኝ። መልስ አጣሁና የኔታን ጠየቅኋቸው።

«በዓይን ቁጠርልኝ፤» አሉ እየሣቁ፤ «ለጻድቁ ሁለት፣ ለኃጥኡ አንድ።»

በሰሜኑ ግድግዳ ንድፍ ላይ እንዲያው ለጨዋታ ቈጥሬ፣ የፈረሶቹን ጨምሬ ከመቶ ሲያልፍብኝ ተውሁት። በሠንጠረዡ ላይ ካሬ ሜትር ብዬ ሞላሁ። ከሥሩም «ከሠዓሊው ጋር ለሚሠሩ ሁለት ተማሪዎች ምግብና የቀን አበል» የሚል አንድ ተራ ጨመርሁ። ጉባኤው በቆርቆሮው ዋጋ ላይ ግማሽ ቀን ሲከራከር ውሎ፣ ይህችን ተራ ግን ሳይወያይባት አሳለፋት።